ሥሩ ላይ የቀረው ስኳር

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ ተክል በብልቃጥ ማሳደግ። አፈር የለም፣ ዝናብ የለም። ከቡቃያው ጫፍ ትቆርጥና ስኳር ባለበት የረጋ ምግብ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ክዳኑን ትገጥማለች። ያቺ ቁራጭ በመብራት ብርሃን ብቻ ሥር ታወጣለች፣ ቅጠል ታወጣለች። ተረት እንዳይመስላችሁ፤ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው።

የምታሳድገው ጦስኝ ነበር፤ ለመድኃኒት የሚሆን ዘይት የሚወጣበት፣ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ብቻ የሚበቅል ዓይነት። አንድ ክረምት ገደሉ ተናደና ተክሉን ይዞት ወረደ። ከዘሩ የቀረው በዚያች ሴት ብልቃጦች ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ። እሱም ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ ሲዛወር ደክሟል፤ ተቆርጦ የሚተከል ጤነኛ ጫፍ አልተረፈውም። ደግሞ እዚያ ውስጥ ሽታ እንኳ የለውም፤ ዘይቱን ቅጠሉ ላይ የሚያበዛው ፀሐይና ነፋስ ነው። ስለዚህ ወደ አፈር መውጣት አለበት። ካልወጣ ያልቃል። ወጥቶ ከሞተም ያልቃል። አያችሁ ጭንቋን?

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር አንለይ ጠዋት መጥተው አስጠነቀቋት።

«እህቴ፣ ሥሩን በደንብ እጠቢው። ያ ምግብ ቅንጣት እንዳይቀርበት። አፈር ውስጥ ሻጋታ የሚጠራው እሱ ነው።»

«እሺ ዶክተር፣ አጥባለሁ።»

አጠበች። ጥቂቶቹን አጥባ ተከለች፤ ግን ሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ውኃው ሲነካው አንዱ ተበጠሰ። ክው አለች! ለቀሩት አዘነችላቸው። «እነዚህ እኮ ከተፈጠሩ የሚያውቁት ይኼን ምግብ ነው። ወደ እንግዳ አፈር ባዶ እጃቸውን ልሸኛቸው? ትንሽ ስንቅ ይያዙ እንጂ» አለች በልቧ። የቀሩትን ከነምግባቸው ተከለቻቸው። ለዶክተሩም አልነገረችም።

ክፋት ነው? አይደለም። ርኅራኄ ነው። እኔ የምፈራው ደግሞ እንዲህ ያለውን ርኅራኄ ነው!

በላስቲክ ሸፍና ትጠብቅ ጀመር። በማግስቱ የታጠቡት ጠውልገው አንገታቸውን ደፍተዋል። ስንቅ የያዙት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ደስ አላት። ያልታጠቡት በረቱ ብላ ለዶክተሩ ልትነግር ዳድቷት ነበር።

ወገኖቼ፣ እናንተም አትቸኩሉ።

ጥቂት ሰነበተና ላስቲኩን ስትገልጥ፣ ከእነዚያ ከበረቱት ግርጌ ነጭ ነገር እንደ ጥጥ ብቅ ብሏል። ሻጋታ! አንዱን ነቀለች፤ ሥሩ በስብሶ እጇ ላይ ቀረ። ሌላውን ነቀለች። እሱም ያው። ሮጣ ዶክተር አንለይን ጠራች፤ እያለቀሰች እውነቱን ተናገረች።

«ከታጠቡት ጋር ጎን ለጎን ነው የተከልሻቸው?»

«አዎ ዶክተር። ጎን ለጎን።»

ፊታቸው ተለወጠ። «በይ ማልቀሱን ተይውና ለዪልኝ! ሳይሻገር! ቶሎ!»

ሁለቱም ተንበርክከው ለዩ። የታመመውን አቃጠሉ። የተረፉት እነዚያ የጠወለጉት ምስኪኖች ነበሩ፤ ከእነሱም ሻጋታው የደረሰባቸው ሞቱ። የቀሩት ግን የሚጠቡት ስኳር ስለሌላቸው አፈሩን ፍለጋ ሥር ሰደዱ። በኋላ አንዷን ቅጠል በጣቷ ብታሻት ጦስኝ ጦስኝ ሸተተች። እልል አለች አሉ፣ እዚያው ተክሎቿ መካከል ብቻዋን።

እናንተስ? ከብልቃጡ ወጥታችኋል፤ አውቃለሁ። ሥሮቻችሁ ላይ ግን ምን ቀረ? መጠጡን ትታችሁ «ለጨዋታው ብቻ ነው» እያላችሁ አሁንም ግሮሰሪው በር ላይ የምትቆሙ የላችሁም? ከወንድማችሁ ታርቃችሁ ቂሙን ለክፉ ቀን ያስቀመጣችሁስ? «ትንሽ ናት» ትሉኛላችሁ። እሷም ትንሽ ናት ብላ ነበር!

እግዚአብሔር ሲያጥባችሁ ያማል። «ለምን ወሰድክብኝ?» ብላችሁ ትጮኻላችሁ። ያልታጠበው ጎረቤታችሁ ቀጥ ብሎ መቆሙን ስታዩ ደግሞ ትቀናላችሁ። አትቅኑ። እናንተ ጠውልጋችኋል እንጂ አልበሰበሳችሁም።

ይኼን ያልኩት ለታጠባችሁት ነው። ደብቃችሁ የያዛችሁ ግን፣ እስቲ አሁን ዞር በሉና አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው እዩት። ሚስትህ ናት? ልጅሽ ነው? የደበቃችሁት ነገር የሻገተ ቀን፣ መጀመሪያ የሚሻገረው ወደ ማን ነው?