የሙሽራዋ እንዶድ

የዛሬ ልጆች ፊታቸው ላይ የማያደርጉት የለም። ሎሚ ነው፣ እርድ ነው፣ ከሱቅ የመጣ ስሙን የማላውቀው ቅባት ነው፤ ሁሉንም ባንድ ቀን ይለቀልቁታል። እነሱን ሳይ አንዲት አባባል ምላሴ ላይ ትመጣለች። ስናገራት ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከየት እንደመጣች ቢያውቁ ግን አይስቁም ነበር። እናቴ ይህን ታሪክ ባነሳች ቁጥር ራሷን ትወቅስ ነበር፤ እንዶዱን የወቀጠችው እሷ ናትና።

ነገሩ የሆነው ሞጣ አጠገብ፣ እናቴ ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። አንጓች የምትባል ባልንጀራ ነበረቻት፤ ለጥር መጨረሻ የታጨች። ሙሽራው አንድም ቀን አይቷት አያውቅም። እሷ ደግሞ ግንባሯን ብጉር ወሮት፣ ጉንጯ ላይ ማድያት ተኝቶበት፣ «ሲገልጠኝ ምን ይላል?» እያለች እህል አልወርድልሽ ብሏት ነበር።

አክስቷ እትዬ ማንጠግቦሽ ሙሽራ በማሰናዳት የታወቁ ሴት ናቸው። ቀልድ አያውቁም። ሠርጉ አርባ ቀን ሲቀረው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ስሚኝ። ጠዋት ፊትሽን በለብታ ውሃ ታጠቢ፤ እንደ ድስት አትፈትጊው። በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ። ከዚያ ጨው ያልነካው ለጋ ቅቤ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ትበቃሻለች። ፀሐይ ላይ ስትወጪ ተከናነቢ። ማታም ታጥበሽ ተኚ። ሌላ ነገር ካማረሽ መጀመሪያ የክንድሽን ውስጠኛውን ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። ክንድሽ ዝም ካለ ፊትሽም ዝም ይላል።»

«ይኸው ብቻ ነው፣ እትዬ?»

«ይኸው ብቻ። ግን በየቀኑ።»

አንጓች አንድ ወር ያህል እንደተባለችው አደረገች። ብጉሩ መክሰም ጀምሮ ነበር፤ እናቴ ትምልበታለች። ማድያቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እሷም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

ሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው ሁለቱ የሠርጉን ልብስ ተሸክመው ወንዝ ወረዱ። እናቴ የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ ድንጋይ ላይ ወቅጣ በገበቴ ዘፈዘፈችው። አረፋው ተነሣ። የአንጓች አባት ጋቢ አመድ መስሎ ገብቶ ወተት መስሎ ወጣ። አንጓች እጇን ከውሃው አውጥታ ጋቢውን ትኩር ብላ አየችው።

«ይህን አመዳም ጋቢ እንዲህ ካነጣው የኔ ጉንጭ ምን ያቅተዋል?» አለች።

«ኧረ አንቺ ልጅ! መጀመሪያ ክንድሽ ላይ አላሉሽም?»

«ስድስት ቀን ነው የቀረኝ። ሁለቱን ለክንዴ ልስጥ? ይልቅ ወፈር ያለውን ስጪኝ።»

እናቴ እምቢ ማለት ነበረባት። አላለችም። እንዲያውም ወፈር ያለውን መርጣ በሁለት እጇ ዘግና ሰጠቻት። ይኸ ነው ዕድሜ ልኳን የቆጫት።

አንጓች አረፋው እስኪከመር ድረስ ፊቷን አሸችው። «ይነዝረኛል፤ እየሠራ ነው» አለች እየሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች፤ እጇ ላይ ያለው ደግሞ ያው እንዶድ ነው። በጉልበቷ ወደቀች። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና በቀስታ ጠየቀች።

«ፀሐይዋ ገባች እንዴ?»

ቀትር ነበር። እናቴ ከወንዙ ውሃ እየዘገነች ፊቷ ላይ ደፋችባት፤ አንጓች ግን አሁንም አላየችም። እናቴ ልብሱን እዚያው ትታ እጇን ይዛ ዳገቱን አወጣቻት። አንጓች በየድንጋዩ እየተደናቀፈች «ለማንም እንዳትነግሪ» ትላት ነበር፤ መንገዱን ሳታይ። እናቴም በልቧ «የሰው ልጅ ዓይን አጠፋሁ» እያለች ትሄዳለች።

እትዬ ማንጠግቦሽ ደጅ ላይ አገኟቸው። «ፊቷን ምን ነካው?» አሉ። እናቴን ደግመው «ልጄ፣ ምን ነካው?» ሲሏት ነው «እንዶድ» ያለችው። አልተቆጡም። መቆጣታቸው ይሻል ነበር። የአንጓችን ራስ ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ሽፋሽፍቷን በጣታቸው ከፍተው፣ ንጹሕ ውሃ በጣሳ ያፈሱባት ጀመር። አንድ እንስራ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ጎረቤት ወተት ይዞ መጣ፣ ቅጠል ጨምቆ መጣ።

«ሁሉንም መልሱ። ውሃ ብቻ» አሉ።

ሦስት ቀን ጨለማ ጓዳ ውስጥ ተኛች። ፊቷ አብጦ ቆዳዋ ይላጥ ገባ። እናቷ ምሰሶውን ተደግፋ ታለቅሳለች። እናቴም እህል ሳትቀምስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የጓዳውን ድምፅ ታዳምጣለች። በአራተኛው ቀን እትዬ ማንጠግቦሽ መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ።

«ምን ይታይሻል?»

አንጓች ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ተመለከተች።

«ጥለት» አለች። «የነጠላዎ ጥለት ቀይ ነው፣ እትዬ።»

ያን ጊዜ እኒያ ቀልድ የማያውቁ ሴት መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ፍርሃቱ ግን አላበቃም። ወሬው ወንዝ ተሻግሮ ኖሮ በማግሥቱ የሙሽራው አጎት አያ ጫኔ በቅሏቸውን ጭነው መጡ። ወሬው ደግሞ «ልጅቱ ቁምጥና ይዟት ሥጋዋ እየተቆረሰ ነው» ሆኖ ነበር የደረሰው። በዚያ ዘመን ይኸ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እጮኝነቱ ፈረሰ፣ እሷንም ከእንግዲህ ማንም አይጠይቃትም ማለት ነው።

«በሽታ ከሆነ አሁኑኑ ንገሩን» አሉ አያ ጫኔ ሳይቀመጡ።

«ምች ነው የመታት» አለች እናቷ ቶሎ ብላ።

«ምች አይደለም» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። አንጓች ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። አያ ጫኔ ፊት ቆመችና ነጠላዋን ገለጠች። «እንዶድ ነው። ማንም አላደረገብኝም፤ እኔው ነኝ። ለልጅዎ ላምርለት ብዬ።»

 አያ ጫኔ ጎንበስ ብለው የተላጠውን ግንባር፣ የቀላውን ዓይን አዩት። ከዚያ ጎረቤት ከወንዝ አምጥቶ ደጅ በገመድ ላይ ያሰጣውን ነጭ ጋቢ አዩ። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መደብ ላይ ተቀመጡ።

«ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል፤ ቆዳ ጊዜ ይፈልጋል» አሉ። ከዚያም ደጃፉ ላይ ተኮማትራ ወደ ተቀመጠችው እናቴ ዞር ብለው፣ «አንቺም ለባልንጀሮችሽ ንገሪ፤ ፊትና ጋቢ በአንድ እንዶድ አይታጠብም» አሉ።