የእሜት ጃርት ጠላ

ተረት ተረት ልላችሁ ነውና ጠጋ ጠጋ በሉ።

በአንድ አገር እሜት ጃርት የምትባል ጠላ ጠማቂ ነበረች። ጌሾ አታሳንስም፤ ጠላውም በደንብ ሳይጠልል ለማንም አትቀዳም። መጀመሪያ የሚያውቋት ጎረቤቶቿ ብቻ ነበሩ። ኋላ ግን ጠላ አዋቂ ነኝ የሚለው አያ ዝንጀሮ ቀምሶ፣ «እንዲህ ያለ ጠላ የትም የለም!» ብሎ ባወራ ጊዜ፣ አራዊቱ ከሩቅ ሸለቆ ሳይቀር እየመጡ ደጇን አጨናነቁት።

ዝናዋ አገር ሲያዳርስ አያ ዝንጀሮ ፊቱን አዞረ። «አሁንማ አህያም ጥንቸልም የሚጠጣው ሆነ! ከወንዙ ማዶ የጉሬዛን ብትቀምሱ!» አለና ከሩቅ የመጡትን ሁሉ አስከትሎ ተሻገረ።

የእሜት ጃርት እሾህ ከንዴት የተነሳ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ምን አጉድዬ ይሆን?» ብላ ጠላዋን ቀመሰችው፤ ምንም አልጎደለውም። ማር ልጨምርበት፣ በርበሬ ልነስንስበት ብላም አስባ ነበር፤ እጇ ግን እምቢ አላት። እንደ ልማዷ ጠመቀች፤ ጎረቤቶቿም እንደ ልማዳቸው መጥተው ጠጡ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ «ቤቶች!» የሚል የደከመ ድምፅ ሰማች። ብቅ ብትል ጉሬዛ ናት።

«ግቢ እንጂ! ደንበኞችሽን ለማን ትተሽ መጣሽ?» አለቻት።

«ቤቴ ጢም ብሏል፤ ልጆቼ ይቅዱላቸው» አለች ጉሬዛ ቁጭ እያለች። «እነሱ የኔን ያድንቁ፤ እኔን ያንቺ ጠላ አምሮኛል።»

እሜት ጃርት ሳቀችና ትልቁን ዋንጫ ጢም አድርጋ ቀዳችላት፤ ለራሷም ቀድታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ተረቴ እዚህ አበቃ፤ ጉሮሮዬ ደርቋልና ለኔም ቅዱልኝ።