ማጭድ ያላስጨረሰው ቃል

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ እንቅልፍ የመጣባችሁም ጎረቤታችሁን ተደገፉ፤ ተረቴን ልጀምር ነው።

ድሮ ድሮ፣ ዕፅዋት ሲናገሩ፣ ማጭድም ሲመልስ፣ አንጓች የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከእናቷ ከወይዘሮ ማንጠግቦሽና ክርስትናው ከደረሰ ሕፃን ወንድሟ ጋር ትኖር ነበር። አንጓች ለነገር ሁሉ ቸኳይ ናት፤ ገንፎ እንኳ ሳይበርድ እየጎረሰች ምላሷን ስትለበልብ ነው የኖረችው። እናቷን ግን ከነፍሷ አብልጣ ትወዳለች።

በክርስትናው ዋዜማ እናቷ ሕፃኑን አዝላ ዘመድ ልትጠራ ወጣች። «አንጓችዬ፣ ነገ እንግዳ ይመጣል። ጓሮውን አጽጂልኝ፤ ሥራ ፈቱን ሁሉ አጭደሽ ወንዝ ጣይው» አለቻት።

አንጓች ማጭዱን ከግድግዳ አወረደችው። ተሰቅሎ ሲዝግ ከርሞ ነበርና ደስታውን አልቻለውም።

«ሥራ ፈት ማለት ምን ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ምግብ የማይሆን ነዋ! አንቺ ጠይቂ፣ የቀረውን ለኔ ተዪው» አላት።

እንዶድ ዘንድ ሄደች። «ምግብ ትሆናለህ?»

«አልሆንም፤ ግን…»

ሸረክ! አለ ማጭዱ።

ግራዋ ዘንድ ሄደች። «ምግብ ትሆናለህ?»

«እኔን መራራውን ማን ይበላኛል? ግን…»

ሸረክ!

ዳማከሴ ዘንድ ሄደች። «ምግብ ትሆናለህ?»

«አልሆንም ልጄ፤ ግን እስቲ አንዴ…»

ሸረክ!

አንጓች ሁሉንም ተሸክማ ወንዝ ጣለችውና ወገቧን ይዛ እናቷን ጠበቀች።

እናቷ ፀሐይ አናት ላይ ሲወጣ ተመለሰች። «ጎበዝ ልጄ! በይ ነጠላዬን የማጥብበት እንዶድ አምጪልኝ» አለች። አንጓች ወደ ወንዙ ዞር ብላ አየች። «እንስራውም በግራዋ ካልታጠበ ጠላው ይሸታል፤ እሱንም ቅጠፊ» አለች። አንጓች እግር እግሯን አየች። ወዲያው እናቷን ያንዘፈዝፋት ጀመር፤ ራሷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ምች መታኝ መሰለኝ። ዳማከሴ አምጪልኝ ልጄ፣ ቶሎ በይ! ነገ ልጄን ማን ታቅፎ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል?»

አንጓች እያለቀሰች ወደ ጓሮ ሮጠች። «ዳማከሴ! እናቴ ልትሞትብኝ ነው!»

ጉቶው ቀና አለ። «ቅድም ይህንኑ ልነግርሽ ነበር እኮ፤ አላስጨረስሽኝም።»

«ይቅር በለኝ!»

ዳማከሴ ገና ቁስሉ ትኩስ ነው፤ ዝም ቢላት ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን አንጀቱ አልቻለም።

«እናት ታማ ቂም አይያዝም። ከአጥሩ ሥር የተጋደመችውን ቅርንጫፌን ማጭዱ አላያትም። ውሰጃት፤ ቅጠሏን አሽተሽ አስሸትቻት፣ ገላዋንም ቀቢያት።»

«እኔ ልቁረጥልሽ?» አለ ማጭዱ ከመሬት።

«አንተ እዚያው ተቀመጥ!» አለችና ቅጠሉን በእጇ አንድ በአንድ ቀጠፈች።

እናቷ አሽትታ፣ ተቀብታ፣ ጋቢ ተከናንባ ላብ በላብ ሆነች፤ ወደ ማታ ቀለል ብሏት ተነሣችና ጓሮ ወጥታ ጉቶዎቹን አየች።

«እነዚህን ሥራ ፈት ያላቸው ማን ነው?»

«ማጭድ» አለች አንጓች አንገቷን ደፍታ።

«ከመቁረጥ በቀር ማጭድ ምን ያውቃል የኔ ዓለም? ጥፋቱስ የኔ ነው፤ ሳላስተዋውቅሽ ማጭድ አስያዝኩሽ።»

እጇን ይዛ፣ ዘመድ እንደሚያስተዋውቅ ሰው በየጉቶው አዞረቻት። «ይሄ እንዶድ ነው፤ ልብሳችንን ያነጣል። ይሄ ግራዋ ነው፤ ዕቃችንን ያጠራል። ዳማከሴን እንኳ አንቺው ታውቂዋለሽ።» አንጓችም ጎንበስ እያለች ሦስቱንም ሳመቻቸው።

በማግስቱ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ያልታጠበ ነጠላዋን ለብሳ ልጇን ክርስትና አስነሣች። ነጠላውን አይቶ ፈገግ ላለ እንግዳ ሁሉ አንጓች እየቀደመች «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ!» ትል ነበር። የተክሎቹ ሥር አፈር ውስጥ ደህና ነበርና፣ አንጓች ውሃ ስታጠጣቸው ከርማ በክረምቱ ሦስቱም አቆጠቆጡ።

ሳያስጨርሱ መቁረጥ፣ ኋላ ለመቁለጭለጭ። እናንተም የጓሯችሁን ተክል ሥራውን ጠይቁ፤ መልሱንም እስኪጨርስ ጠብቁ።