ከፊት የሚነዳው ሰው ዝምታ

አንድ ግንበኛና አንድ ልብስ ሰፊ ኩሬና ጫካ በበዛበት አገር ይኖሩ ነበር። ግንበኛው ይርጋ፣ ልብስ ሰፊው ስንሻው ይባላሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። እሁድ እሁድ ብስክሌታቸውን ይዘው ከከተማው ዳር ካለው ወፍጮ ቤት ይነሱና በጠጠሩ መንገድ ጫካውን አቋርጠው፣ ኩሬዎቹን እያለፉ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ይመለሳሉ። ውድድር የለባቸውም፣ የሚያደርሱትም ዕቃ የለም። ደስ ስለሚላቸው ብቻ ነበር የሚሄዱት።

መንገዱ ግን አመለኛ ነው። በበጋ አቧራው ዓይን ያጠፋል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጎርፍ ይበላዋል፤ ባለፈው ሳምንት ደህና የነበረው ቦታ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቃል። ስንሻው ደግሞ ዓይኑን መርፌና ክር ጨርሶታል። ትንሽ አቧራ ከነካው እንባው ይወርዳል፣ ፊት ለፊቱ ያለውን እንኳ አይለይም። ስለዚህ ይርጋ ከፊት፣ ስንሻው ከኋላ ይሆናሉ። ይርጋ ያየውን ሁሉ እየጮኸ ይናገራል። «ጉድጓድ!» ይላል፤ «ግራ ያዝ!» ይላል፤ «ውሃ አለ፣ ቀስ በል!» ይላል። ስንሻው አንገቱን ደፍቶ ያንን ድምፅ ይከተላል። ድምፅ ከሌለ መንገዱ ደህና ነው ማለት ነው። እንዲህ እናድርግ ብለው የተማከሩበት ቀን የለም፤ እየነዱ የለመዱት ነው። በመንገዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎችም ብስክሌቶቹን ሳያዩ የይርጋን ጩኸት ሰምተው «መጡ» ይሉ ነበር።

ታዲያ የይርጋ ልጅ ክርስትና ተነሣች፤ ድግስ ተደገሰ። ስንሻው ጠላው ሞቅ አድርጎት ነበርና በሰው መሃል ተነሥቶ «ይርጋ ለምን ሁልጊዜ ከፊት እንደሚነዳ ታውቃላችሁ? አቧራ ስለሚፈራ ነው! አቧራውን የምውጠው እኔ ነኝ» አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ይርጋም የሳቀ መሰለ። ሆዱ ግን ተቀየመ። «እኔ ዓይን ልሁነው ብዬ፣ እሱ በሰው ፊት መሳቂያ ያደርገኛል?» አለ በልቡ፤ አኮረፈ። ስንሻው ይህን ሲያውቅ «ለአንድ ቀልድ ነው እንዲህ መሆን?» ብሎ በተራው አኮረፈ።

የእኛን ኩርፊያ መቼም ታውቁታላችሁ። ባልና ሚስት አንድ ገበታ ቀርበው «ጨው ለአባትሽ አቀብዪው» እያሉ በልጅ አፍ የሚነጋገሩበት ኩርፊያ ነው። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች የተጣሉበትን ነገር ረስተው፣ መኮራረፋቸውን ግን ሳይረሱ የሚያረጁበት ነው። በኩርፊያ ቀድሞ የተናገረ ተሸናፊ ነው። ሁለቱም መታረቅ እየፈለጉ፣ ሁለቱም የሌላውን አፍ እየጠበቁ፣ ስንቱ ቤት እንደተዘጋ ይቀራል!

እሁድ ሲደርስ ሁለቱም ወፍጮ ቤቱ ጋ ተገኙ። የቀረው ሰው «ተሸነፈ» እንዳይባል እንጂ አብሮ ለመሄድስ ልብ አልነበራቸውም። ሰላም አልተባባሉም። ይርጋ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ነዳ፣ ስንሻው ተከተለው። መንገዱ እስከ መጀመሪያው ኩሬ ድረስ ደህና ስለነበር ይርጋ የሚጮህበት ነገር አላገኘም።

ኩሬው ዳር እትዬ ብርቄ ልብስ ያጥቡ ነበር። ሁለቱን ሲያዩ ቀና አሉ።

«ምነው ልጆቼ፣ ዛሬ ድምፃችሁን ሳልሰማ መጣችሁ? ተጣላችሁ እንዴ?»

«ደህና ነን፣ እትዬ» አለ ይርጋ፤ ሳይቆም አለፈ።

«እሱን ይጠይቁት» አለ ስንሻው።

«ኧረ ተዉ! ይህ መንገድ ተኳርፈው የሚሄዱበት አይደለም» አሉ እትዬ ብርቄ። ሁለቱም ሰሟቸው፤ ሁለቱም ዝም ብለው ነዱ።

ከኩሬው አለፍ ሲሉ መንገዱ በጫካው መሃል ወደ ሌላ ኩሬ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ላይ ብስክሌት ፔዳሉን ሳይመቱት ይበርራል። የሰሞኑ ዝናብ ከቁልቁለቱ ሥር ጎርፍ የሚያሳልፈውን ቱቦ ነቅሎ መንገዱን ገምሶት ነበር። በግራ በኩል አንድ ሰው የምታሳልፍ ጠባብ መሬት ብቻ ቀርታለች። ይርጋ ይህን አየና መሪውን ጠምዝዞ ለጥቂት አለፈ።

«ግራ ያዝ!» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር። እንደ ልማዱ አፉን ከፈተ። ግን ሌላ ሐሳብ ቀደመው። «አሁን ከተናገርኩ ቀድሞ ታረቀኝ ብሎ ያወራል። አቧራ ፈሪው እኔ አይደለሁ? እስቲ ዛሬ ራሱ ይይ» አለ። አፉን መልሶ ዘጋው። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ጊዜ ተንፍሶ ሳይጨርስ ነው። ወዲያው ደንግጦ «ስንሻው!» ብሎ ጮኸ። ስንሻው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ይርጋ ብስክሌቱን ጥሎ ሮጠ። ጓደኛው ከተሰበረው ቱቦ ሥር ወድቆ፣ ደም ከጆሮው ይወርድ ነበር። አቅፎ ቀና አደረገው።

«ይርጋ» አለ ስንሻው በደከመ ድምፅ። «ዝም ስትል እኮ መንገዱ ደህና መስሎኝ ነው።»

«ተኳርፈን የለም እንዴ? ምን ብለህ አመንከኝ?» አለ ይርጋ እያለቀሰ።

«ብታኮርፈኝም ጉድጓድ ካለማ ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ስንሻው አልተናገረም። የአካባቢው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት መንገድ ላይ አረፈ።

አገሩ ሁሉ አደጋ ነው አለ። ዝናብ ነው፣ ቱቦ ነው፣ ዕድሜው እዚህ ድረስ ነው አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ይርጋን «አይዞህ፣ ምን ታደርግ!» እያለ ያጽናናው ነበር። ማጽናናቱ ከለቅሶው ይልቅ ከበደው። የስንሻው እናት ወይዘሮ አትጠገብ ግን የልጆቹን ልማድ ያውቁ ነበርና ለቀስተኛው ሲበተን ይርጋን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ጮኸህለት ሳይሰማህ ቀርቶ ነው?» አሉት።

ይርጋ አዎ ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ለእሳቸውም ምናልባት ይቀላቸው ነበር። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ «አልጮህኩም፣ እማማ። አኩርፌው ነበር» አለ።

እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«እውነቱን ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥህ» አሉ በመጨረሻ። «ይቅር ማለትን ደግሞ ለእኔ ይስጠኝ። ዛሬ ግን አልቻልኩም። ሂድ፣ ልጄ።»

ይርጋ ሄደ። ደጋግሞ ተመልሶ ደጃቸው ቆሟል፤ እንጨት ፈልጦላቸዋል፣ የፈረሰ አጥራቸውን ሠርቶላቸዋል። እሳቸውም እህል ውሃ አልነፈጉትም፤ ዓይኑን ግን እንደ ድሮው ማየት ሳይችሉ ሞቱ።

መንገዱ ዛሬ ተጠግኗል። አዲስ ቱቦ ገብቶለት፣ ጠጠር ለብሶ፣ ሕፃን ብስክሌት የሚማርበት ሆኗል። ይርጋ ፀጉሩ ሸብቶም እሁድ እሁድ ብቻውን ይነዳል። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርስ በሙሉ ድምፁ «ግራ ያዝ! ስንሻው፣ ግራ ያዝ!» እያለ ይጮሃል። ከኋላው ማንም የለም። ለአገሩ እንግዳ የሆኑ ሰዎች ያበደ ይመስላቸውና ይስቃሉ። በጣም ያረጁት እትዬ ብርቄ ግን ይቆጧቸዋል፤ «አላበደም። ያን ቀን ሊላት የነበረችውን ቃል ነው የሚለው» ይላሉ።

ወገኔ፣ ሰው ነህና ትቆጣለህ። አኩርፍ፤ ከፈለግህ ሰላምታህን ንሳው፣ ደጁን አትርገጥ፣ ቀልዱ ላይ አትሳቅ። ግን ጉድጓድ ስታይ ተናገር። ሰውን ከመውደቅ የምታድን ቃል በጠብም ሆነ በፍቅር ቀን የአንተ አይደለችም፤ ከኋላህ የሚመጣው ሰው ንብረት ናት። ከተናገርክ በኋላ ኩርፊያህን መቀጠል ትችላለህ፤ የሞተ ጓደኛን ግን ማን ያኮርፋል?

ዛሬ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝምታህን «መንገዱ ደህና ነው» ብሎ ተርጉሞ የሚከተልህ ማን ነው? ምንስ አይተህለት ዝም አልከው?