ተቀባይ አልቀረበም

ዛሬ ስለ አንድ ወታደር እነግራችኋለሁ። ጀግና እንዳይመስላችሁ። ጦር ሜዳ ገና አላየም። ምልምል ነው፤ ጫማው ተረከዙን የሚልጠው፣ ፀጉሩን ከተላጨ ወር ያልሞላው ልጅ። ነገሩም የቆየ ነው፤ ሞባይል በየኪሱ ባልገባበት ዘመን የሆነ ነው።

ዳምጤ እንበለው። አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ ከእሱ በቀር ሌላ ልጅ የላትም። እናቱ አስካለ ትባላለች፤ ከወረዳው ከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ በምትርቅ የገጠር ቀበሌ ነው የምትኖረው።

ማሠልጠኛ በገባ ቀን ወረፋ ያዘ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው ጠየቀው። ስም? ተናገረ። ትውልድ ቀበሌ? ተናገረ። ቤተሰብህ ማነው? እናቴ አስካለ ብሩ አለ። እዚህ ጋ ፈርም ተባለ፤ ፈረመ። ምን ላይ እንደፈረመ አላነበበም። ከእናንተ መካከል የፈረመበትን ሁሉ አንብቦ የፈረመ ሰው ካለ እጁን ያንሣ። አያችሁ? እኔም አላነሣሁም።

የመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ደረሰ። ከፋዩ ሻምበል ባሻ ድንበሩ ነበሩ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የከፈሉ፣ ወሬ የማያበዙ ሽማግሌ። ምልምሎቹ "መቀሱ" ይሏቸዋል፤ የማይቆርጡት ነገር የለም ለማለት ነው። ጠረጴዛቸው የጥይት ሣጥን ነው። የደመወዙ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ ረጅም ነው፤ ሣጥኑ ላይ አይበቃም። ስለዚህ ሻምበል ባሻ ምን ያደርጋሉ? መሐሉን ያጥፉታል። የመፈርሚያው ቦታ በቀኝ በኩል ስለሆነ የቀኙን ግማሽ ወደ ላይ ያደርጉታል።

እንግዲህ አስቡት። ወታደሩ ሲቀርብ የሚያየው የቀኙን ግማሽ ብቻ ነው። ለጡረታ መዋጮ ይህን ያህል ተቀነሰ። ለመረዳጃ ይህን ያህል ተቀነሰ። ለቤተሰብ ተቆራጭ ሃያ አምስት ብር ተቀነሰ። ተቀነሰ፣ ተቀነሰ፣ ተቀነሰ። መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ የተጣራ ሒሳብ፣ ከጎኗ ፊርማ። በግራው ግማሽ ግን ደመወዙ ሙሉው ተጽፏል። የቀለቡ አበል ተጽፏል። የለበሰው ልብስ፣ የተኛበት ብርድ ልብስ፣ ቢታመም የሚታከምበት ሳይቀር እዚያ አለ። አለ፤ ግን ታጥፏል።

ዳምጤ ሃያ አምስቱ ብር ከነከነው። ይህ ደግሞ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሻምበል ባሻ ወረፋው ረዝሞባቸዋል፤ ለእናትህ ነው፣ ስትገባ ፈርመሃል፣ በየወሩ ወረዳ ሄዳ ትወስዳለች፣ ቀጥል አሉት።

ቁጣው በአንድ ጊዜ ወደ ደስታ ተለወጠ። በዚያ ቀን ሰልፍ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። እናቱ ከወረዳ ስትመለስ፣ ጨውና ላምባ ገዝታ፣ "ልጄ ላከልኝ" እያለች ለጎረቤት ስታወራ ታየችው። አንድ ደብዳቤ ልጻፍላት ይሆን ብሎ አሰበ። ከዚያ ደግሞ ማን ያነብላታል፣ ደግሞስ ገንዘቡ ከደረሳት ደኅንነቴን አወቀች ማለት አይደል ብሎ ተወው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ እሑድ ዳምጤ በሰፈሩ አቅራቢያ ባለው ገበያ አቶ ብዙአየሁ የሚባሉ የአገሩን ሰው አገኘ። በርበሬ ይነግዳሉ፤ ወደ ሌላ ሩቅ ገበያ እያለፉ ነው። ሰላምታው እንዳለቀ የጠየቃቸው እናቱን ነው። አቶ ብዙአየሁ መሬት መሬት አዩ። ደህና ናት አሉ፤ ግን ጊደሯን ሸጣለች፣ ጣሪያዋም ያፈስሳል። ልጅሽ ይልክልሻል ወይ ብለው ቢጠይቋት ስለ ልጄ አትጠይቁኝ ብላቸው ሄዳለች። ከሰውም መነጋገር ትታለች።

ዳምጤ ደሙ ፈላ። ሰባ አምስት ብር! ጊደሯን ሸጣለች፣ የእሷ ገንዘብ ግን በየወሩ ይቆረጣል። ታዲያ ማን በላው? ማን ሊሆን ይችላል? ያ ወረቀት የሚያጥፈው ሰውዬ ነዋ! ለምን ያጥፈዋል? የሚደብቀው ነገር ባይኖር ያጥፈው ነበር? ዳምጤ በልቡ ከሰሰ፣ በልቡ መሰከረ፣ በልቡ ፈረደ። እኛም እንዲህ ስንፈርድ አንድ ቀን አይፈጅብንም።

በሚቀጥለው ደመወዝ ቀን ተራው ሲደርስ ብዕሩን አልተቀበለም።

"ሻምበል ባሻ፣ አልፈርምም" አለ። "የእናቴን ሦስት ወር የበላው ሰው መጀመሪያ ይፈርም።"

ከኋላው የቆሙት አንድ እርምጃ ሸሹ። ምልምል አለቃውን በሰው ፊት ሌባ ሲል ምን እንደሚከተለው ሁሉም ያውቃል። ሻምበል ባሻ አንድ ቃል ቢናገሩ ዳምጤ በዚያው ወደ እስር ቤት ነው። እሳቸው ግን ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወረቀቱን ከሣጥኑ ላይ አነሡ፤ እጥፋቱን ፈቱ፤ መሬት ላይ ዘረጉት። ተንበርከክና አንብብ አሉት። ዳምጤ ተንበርክኮ የግራውን ግማሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ። ከዚያ ሻምበል ባሻ ከቦርሳቸው ሦስት ትንንሽ ወረቀቶች አወጡ፤ በዚያው ሳምንት ከወረዳው አብረው የመጡ፣ ማኅተም ያረፈባቸው። በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፏል፦ ተቀባይ አልቀረበም።

ገንዘቡ ደርሷል። ሦስት ጊዜ ደርሷል። ወረዳ ላይ ተቀምጦ እናቱን ይጠብቃል። አስካለ ግን ሦስት ጊዜ ተጠርታ ሦስት ጊዜ ቀርታለች።

ዳምጤ ወረቀቶቹን ደጋግሞ አገላበጠ። ሻምበል ባሻ ግን ዐሥራ ስምንት ዓመት የሠሩት ሥራ ነውና አንድ ነገር ጠረጠሩ።

"በቀበሌያችሁ ከጦሩ ገንዘብ የሚቀበል ሌላ ሰው አለ?" ብለው ጠየቁት።

"ወይዘሮ ዘነቡ አሉ። ጎረቤታችን ናቸው።"

"እሳቸው ለምንድን ነው የሚቀበሉት?"

"ልጃቸው ጦር ሜዳ ስለ..." አለና ዳምጤ አልጨረሰውም። በዚያች ቀበሌ ከጦሩ የሚመጣ ገንዘብ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። የሞተ ልጅ ገንዘብ ነው።

ወገኖቼ፣ አሁን ያቺን እናት አስቧት። የቀበሌው ታጣቂ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ከጦሩ ገንዘብ መጥቶልሻልና ወረዳ ሄደሽ ፈርሚ ተብለሻል ብሏት ሄደ። ከልጇ የመጣ ቃል የለም። ደብዳቤ የለም። ገንዘብ ብቻ። ምን ትበል?

ሻምበል ባሻ ዳምጤን አላሳሰሩትም። ራሳቸው አዛዡ ዘንድ ገብተው የአምስት ቀን ፈቃድ ለመኑለት። ሌባ ብሎ ለሰደባቸው ልጅ የመኪናውንም ሒሳብ ከኪሳቸው ሰጡት።

ቀበሌው የደረሰው ማለዳ ነው። የእናቱ በር ተዘግቷል። ቢያንኳኳ መልስ የለም። ወይዘሮ ዘነቡ ድምፅ ሰምተው ወጡ፤ አዩት፤ ቀረብ ብለው መጀመሪያ ክንዱን ዳሰሱት። ከዚያ ተቀምጠው አለቀሱ። ሲረጋጉ ነገሩት። አስካለ ሦስት ወር ሙሉ ሳይነጋ ከቤቷ ትወጣለች፤ ማሳ ውላ ሲመሽ ትገባለች። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም፤ ወይዘሮ ዘነቡ ግን ገብቷቸዋል። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በር ያንኳኳሉ። አስካለ መርዶ ነጋሪዎቹ ቤቷ እንዳያገኟት ነው የምትሸሸው። ጥቁር አልለበሰችም። አላለቀሰችም። ካልነገሩኝ አልሞተም ብላ ይዛዋለች።

ዳምጤ ወደ ማሳው ሮጠ። ጎንበስ ብላ ስታርም ከሩቅ አያት። እሷም የእግር ኮቴ ሰምታ ቀና አለች። ፀሐይዋ ከጀርባው ነበረች፤ ፊቱን አላየችም። ያየችው የወታደር ልብስ ነው። መርዶው ማሳ ድረስ መጣባት። ማረሚያዋን ጣለች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

"ልጄ፣ ተመለስ" አለችው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሳታውቅ። "እናት ካለችህ በእሷ ይዤሃለሁ፣ አትንገረኝ። እኔ አልፈረምኩም። ገንዘባችሁን አልነካሁም። ካልፈረምኩ ልጄ አልሞተም።"

ዳምጤ አጠገቧ ተንበረከከ። እጇን ከጆሮዋ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። "እማዬ፣ እኔ ነኝ" አላት።

ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችው። ፊቱን ነካች፤ የተላጨ ራሱን ነካች፤ ጆሮው ሥር ልጅ ሳለ ወድቆ የቀረበትን ጠባሳ በጣቷ ፈለገች። ጠባሳውን እስክታገኝ አላመነችም። ሦስት ወር የያዘችውን እንባ ያን ጊዜ አፈሰሰችው። ስታበቃም አንድ ነገር ጠየቀች።

"ታዲያ ያ ገንዘብ የማን ነው?"

"የኔ ነው እማዬ። በሕይወቴ የላክሁልሽ ነው።"

በማግስቱ እናትና ልጅ አብረው ወረዳ ሄዱ። አስካለ ሦስት ወር የፈራችው ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አጥብቃ አሳረፈች። ዳምጤም ተመልሶ ሻምበል ባሻን በወረፋው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ የበደለው በሰው ፊት ነበርና። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን አጥፈው አያውቁም ይባላል፤ ሁለተኛ ሣጥን አስመጥተው ዘረጉት። ለአዲስ ምልምልም ለእናቱ ደብዳቤ ጽፎ ካላሳያቸው በቀር የመጀመሪያውን ደመወዝ አይከፍሉም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነበረች። ዳምጤ ገንዘብ ላከ፤ ቃል አልላከም። እናንተስ? በየወሩ ለእናታችሁ ትልካላችሁ፤ ጎበዞች ናችሁ። ድምፃችሁን ከሰማች ስንት ጊዜ ሆናት? ገንዘቡ ብቻውን ሲደርስ ምን እያሰበች እንደምትቀበለው ታውቃላችሁ? ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደውሉላት። ይህን ለማድረግ ጸሎት አያስፈልግም፤ ስልክ አላችሁ።

ደግሞ የታጠፈው ወረቀት አለ። ስንቶቻችን ነን በተቀነሰብን በኩል ብቻ ቆመን እግዚአብሔርን የምንከስስ? ጤናዬ ተቀነሰ፣ ሥራዬ ተቀነሰ፣ ወዳጄ ተቀነሰ እንላለን። ያመማችሁ ውሸት ነው አልላችሁም፤ ተቀንሷል። እኔም ባለቤቴን በቀበርኩበት ዓመት የግራውን ግማሽ ማንበብ አቅቶኝ ነበር። ግን አለ። ባታዩትም ተጽፏል።

ከሁሉ የሚያስለቅሰኝ ግን አስካለ ናት። ስጦታው መጣላት፤ ሞት መሰላት። ከሚወዳት ተላከላት፤ እሷ ግን ጎህ ሳይቀድ ከቤቷ ወጥታ ሸሸች። ከእናንተም እንዲህ የምትኖሩ አላችሁ። እግዚአብሔር ሲጠራችሁ የቅጣት ጥሪ ይመስላችኋል። የሠራሁትን ሊነግረኝ ነው፣ ሊፈርድብኝ ነው ትላላችሁ። ስለዚህ በሥራ ታሳብባላችሁ፤ በማለዳ ወጥታችሁ ማታ ትገባላችሁ፤ ቤት እንዳያገኛችሁ። ይቅርታው ግን ስማችሁ ተጽፎበት ተቀምጧል። ስንት ዓመት ሆነው? ስንት ጊዜ ነው በስማችሁ ላይ ተቀባይ አልቀረበም የተባለው?

ወረቀት አስካለን አላሳመናትም። መልእክተኛም አላሳመናትም። ልጇ ራሱ መጥቶ መሬት ላይ ተንበረከከላት፤ ጠባሳውን አስነካት፤ ያን ጊዜ አመነች። የእኛም እንዲሁ ነው። የላከልን ጌታ ሞቶ ነበር፤ አሁን ሕያው ነው። ጠባሳው አለው። እስክትነኩት ድረስ አጠገባችሁ ይቀመጣል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እጃችሁን ከጆሯችሁ ላይ አንሡ። ያቺ እናት ሦስት ወር ሙሉ ሞትን የሸሸች መስሏት ነበር። የሸሸችው ግን ልጇን ነበር።