በቁሙ የተለቀሰለት ጓንጉል

የሩቅ ሰው ሰንበሌጥን «ለቀስተኛ የሌለባት አገር» እያለ ያማታል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በሰንበሌጥ መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። «እገሌ ሞተ» ብሎ ከሩቅ የመጣ ሰው፣ ከሌላ ዘር ሁለተኛ ምስክር ካላስከተለ፣ ሽማግሌዎቹ አፋፉ ላይ ያቆሙትና «በእጅህ አፈር አልብሰኸዋል?» ይሉታል። «የለም» ካለ ውሃ አጠጥተው ይሸኙታል እንጂ አንዲት ሴት እንኳ ነጠላዋን አታዘቀዝቅም።

አባቶች እንደሚሉት ይህ የመጣው በጓንጉል ጦስ ነው። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ከላይ አምባው ላይ ተጨናንቆ፣ መሬት ጠብቦት፣ ወንድም ከወንድሙ በድንበር ሲፋለጥ፣ ጓንጉል የሚባል ደፋር ሰው «እስቲ ቆላውን ልየው» ብሎ ተነሣ። አገር ያቀና ሰው የመሬቱ አባት ይባላልና፣ ርስት የሚደለደለውም በእሱ ቃል ነበርና፣ ነገሩ ቀላል አልነበረም። አብሮት የወረደው ጥሶ ነው፤ የጓንጉልን አንድያ ልጅ ክርስትና ያነሣ አበልጁ።

ጓንጉል እሾሁን እየመነጠረ፣ መንገዱ እንዳይጠፋ ዛፉን በጎራዴው እየላጠ ሄዶ፣ ጥቁር አፈርና የማይደርቅ ወንዝ አገኘ ይባላል። ምን ያደርጋል! እዚያው ንዳድ ጣለው።

«አይዞህ አበልጄ» አለው ጥሶ፣ «በስምንት ቀን ተሸካሚ ይዤልህ እመጣለሁ። ጎራዴህን ብቻ ስጠኝ፤ አውሬው ብዙ ነው።»

ጓንጉል ሰጠው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኼ አይደል! ጥሶ አምባው ላይ ወጥቶ ጎራዴውን ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠና «በእጄ ላይ ሞተ፤ መሬቱን እንዳቀና አደራ ሰጠኝ» ብሎ ደረቱን መታ። አገር አለቀሰ።

ጓንጉል ደግሞ ስምንተኛውን ቀን ጠበቀ፣ ዐሥረኛውንም ጠበቀ። ሞኝ ልቡ «ጥሶን አንድ ነገር አግኝቶት ይሆን?» እያለ ለእሱ ይጨነቅ ነበር አሉ። የቆላ ማር ቆራጮች አግኝተው ባያስታምሙት ኖሮ እዚያው በቀረ። መቆም ሲችል፣ ራሱ የላጣቸውን ዛፎች እየተከተለ ወደ አገሩ ወጣ።

የደረሰው በገዛ ተዝካሩ ቀን ነው። በዚያው ጧት በጥሶ አቅኚነት ዕጣ ወጥቶ፣ እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ይዞ ነበር። ሚስቱ ደብሪቱ ሮጣ የከሳ ፊቱን ዳበሰችና «ኧረ እናንተ ሰዎች! እሱ ነው! ጓንጉል ነው!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደ ተዝካሩ ድግስ መለሰ። ጓንጉል አለ ከተባለ ዕጣው ይፈርሳል፤ ማን ድርሻውን ያፍርስ?

በመጨረሻ የአባቱ ወዳጅ የነበሩት አባ ይርዳው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ «ልጄ፣ ጓንጉልማ ሞቷል» አሉ። «አልቅሰናል፣ አስፈትተናል፣ ይኸው ተዝካሩንም በላን።»

ጓንጉል ጥሶን አልፎት ሄደ። አንጀቱን የቆረጠው ሌላው ነው። ሕዝቡን አንድ በአንድ አየና «የእሱስ ይሁን፤ እናንተስ?» አለ። ከዚያ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሸለቆውን ቁልቁል ወደሚያሳየው ራቁት ኮረብታ ሄደ። ጓንጉል ማያ የሚባለው እሱ ነው። ያገኘውን መሬት እያየ ኖረ እንጂ ዳግመኛ እግሩን አላሳረፈበትም ይባላል።

ከዓመታት በኋላ ደብሪቱ ብቻዋን ወደ መንደሩ መጣችና «ጓንጉል ሞተ፤ በእጄ አፈር አልብሼዋለሁ» አለች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ጊዜ ተለቅሶለታልና እንዴት ያልቅሱ? እሷም መልስ ሳትጠብቅ ተመለሰች።

ሽማግሌዎቹ ሕጉን ያወጡት ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዳ ሲጠይቀን «ለጥንቃቄ ነው» እንላለን። መሬቱን ግን ለጓንጉል ዘር የመለሰ የለም፤ እኛም ይኸው እስከ ዛሬ እያረስነው እንበላለን።