ድንኳን የተተከለለት ማሽን

ምላሷ ቆርቆሮ የሚቆርጥ አንዲት ሃይላንድ ለቃሚ ነበረች። በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከፕላስቲክና ከፋብሪካ ጭስ ነዳጅ የሚያመርት ማሽን ሰፈሯ ሲመጣ፣ ፕላስቲክ አቅራቢ ሆና ተቀጠረች። በምረቃው ዕለት ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር መኳንንት፣ ለክብር ብለው ሰባት ሠርግ የሚያስተናግድ ድንኳን በራሳቸውም በማሽኑም ላይ አስተከሉ። ንግግራቸው እስኪያልቅ ተላጭቶ የመጣው እንግዳ ሁሉ ጢም አበቀለ፤ ከማሽኑ ግን ጠብታ አልወጣም።

"ያዋረደኝ ያንቺ ቆሻሻ ፕላስቲክ ነው!" ብለው በሰው ፊት ጮኹባት። "ሌላ ምክንያት ካለሽ አሁኑኑ ተናገሪ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ!"

እንጀራዋ ሊቆረጥ መሆኑ ገባት፤ ግን አልደነገጠችም።

"ማሽኑ ምን ያድርግ፣ ጌታዬ?" አለች። "እንደኛ ፀሐይ ላይ ቢያውሉት ይሠራ ነበር። እንደ እርስዎ ጥላ ሥር አከበሩት፤ እንደ እርስዎ ተቀምጦ ዋለ።"